የመካኒሳ ቅጠል

ሳዳም የሞተው ጎህ ሲቀድ ነው። ከፉሪ በባጃጅ ይዛው የመጣችው ሚስቱ ከድጃ ነበረች፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ስትወርድ በእግሯ ላይ ጫማ አልነበረም። ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ ሞከረ። አልሆነለትም። አንሶላውን ሸፈነና ለቤተሰቡ ከማርዳቱ በፊት ለፖሊስ ደወለ።

ኢንስፔክተር ወጋየሁ ሲደርስ ሐኪሙ አንሶላውን ገለጥ አድርጎ የሟቹን ዓይን አሳየው። ነጩ የእንቁላል አስኳል መስሏል። ጥቁሩ ብሌን ደግሞ ሰፍቶ ሰፍቶ ዓይኑን ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

«ብጫው የወፍ በሽታ ነው» አለ ሐኪሙ። «የገደለው ግን እሱ አይደለም። ሌሊቱን ሲቃዥ፣ አየር ሲለቅም፣ ከሌለ ሰው ጋር ሲያወራ አድሯል። አፉ ደርቋል፣ ገላው እሳት ነበር። ይሄ ልጅ አስተናግር ጠጥቷል።»

ወጋየሁ አስተናግርን ያውቀዋል። ጎጃም ልጅ ሳለ እናቱ «እሱን የቀመስክ ዕለት የቤትህን ገበና ለአገር ትዘከዝካለህ» እያለች ታስፈራራው ነበር። ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው፤ የጠጣውን ሰው ያስለፈልፈዋል። በልክ ያስለፈልፋል፣ ከልክ ሲያልፍ ዝም ያሰኛል።

ኮሪደሩ ላይ የሟቹ እናት ሀኒፋ መሬት ተቀምጣ ትወዛወዛለች። ታላቅ ልጇ ሬድዋን ትከሻዋን ይዟል። ከድጃ ከነሱ ራቅ ብላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ሆዷ ገና መታየት የጀመረ ነፍሰ ጡር ናት፤ ማንም ወደ እሷ የቀረበ አልነበረም።

«ሩቅ አይሂዱ፣ ኢንስፔክተር» አለ ሬድዋን። «ማታ አብራው የነበረችው አንድ ሰው ናት።»

ሀኒፋ ቀና አለች። ምራቷን ለረጅም ጊዜ ስታያት ቆየችና ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄን በላችብኝ» አለች።

ከድጃ እጇን ሆዷ ላይ ጫነች። ወጋየሁ ያን ጊዜ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገባው፤ ሌላ ሰው ካልተገኘ ይህች ልጅ ባሏን ገድላለች ተብላ የመጀመሪያ ልጇን እስር ቤት ትወልዳለች። እሷም ሳይገባት አልቀረም።

ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ፉሪ፣ ከአንዲት አከራይ ግቢ ጓሮ በተሠራች አንዲት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ሳዳም ከላፍቶ ሜክሲኮ ሚኒባስ ይነዳል፤ ከድጃ ልብስ ትሰፋለች። አከራይዋ ወሬ የማትሰስት ሴት ስለነበረች ወጋየሁ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገውም። ሌሊቱን «ልቀቁኝ፣ ተዉኝ» የሚል የወንድ ጩኸት እንደሰማች፣ ሴቲቱም ስታለቅስ እንደነበር፣ የባልና የሚስት ጠብ ነው ብላ በሯን ዘግታ እንደተኛች ነገረችው። «የባልና ሚስት ጠብ መሐል የገባ ማን አተረፈ» ብላ ጨመረች፤ ነገር ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሳጅን እድላዊት ከአልጋው ሥር አንድ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። ከታች አረንጓዴ ዝቃጭ ነበረው። አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

ከድጃ ጣቢያ ቀርባ የተናገረችው አጭር ነበር። ያን ቀን ስፌት ቤት ውላ አመሸች። ስትመለስ ሳዳም ተኝቷል፤ አጠገቡ ጠርሙሱ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ምን ጠጥተህ ነው አልኩት። ከመካኒሳ የመጣ መድኃኒት ነው አለኝ።»

«ማን ሰጠው?»

«እሱን ስጠይቀው ሳቀብኝ። የባህል መድኃኒት ከተወራ ይረክሳል፣ ስድን እነግርሻለሁ አለ።» ፊቷን በእጇ ጠረገች። «ከዚያ በኋላ እኔንም አላወቀኝም። ግድግዳው ላይ ሰዎች አሉ እያለ ሌሊቱን ሲጮህ ነጋ።»

ወጋየሁ ማመን ይፈልግ ነበር። ግን መርማሪ ነውና የሚፈልገውንና ያገኘውን ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። ማንም ያልመሰከረለት የመካኒሳ ሰው ሰጠው ማለት ለማንኛዋም ገዳይ የሚመች መልስ ነው።

ላፍቶ ለቅሶ ቤት ሄዶ እናቲቱንም ጠየቃት። ፍራሽ ላይ እንደሷ ጥቁር በለበሱ ሴቶች ተከባ ተቀምጣለች። ከድጃ ልጇን ከቤቷ አውጥታ ሩቅ ሰፈር እንደወሰደችባት፣ እንዲጠይቃት እንኳ እንደማትተወው በምሬት ነገረችው። ሳዳም የታመመ ሰሞን የት የት እንደዋለች ሲጠይቃት «የት እሆናለሁ ልጄ፣ ቤቴ» አለች። ጽፎት አለፈ። ማንም ሳይጠረጠር አይታለፍ እያለ ለሳጅኖቹ ጠዋትና ማታ የሚሰብከው እሱ ነበር፤ ያቺን ሴት ግን ምስክር አለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለው።

ሬድዋን ላፍቶ አደባባይ አካባቢ የሴራሚክ ሱቅ አለው። ወንድሙ የሞተበት ዋዜማ ከሠራተኞቹ ጋር ሱቁ ውስጥ እንደዋለ ሁሉም መሰከሩለት። የወፍ በሽታ መሆኑ የታወቀ ዕለት ሐኪም ዕረፍት ማዘዙንና እሱም ቤተሰቡን ሰብስቦ ቅጠል የሚባል ነገር እንዳላይ ብሎ ማስጠንቀቁን ነገረው። «እናቴ የወፍ በሽታ መርፌ ከነካው ይገድላል ብላ ታምናለች» አለ። «እኔ ግን እምቢ አልኩ። እናቴ ደግሞ እምቢ ካልኩ አትነካም።» ይህን ሲል እርግጠኛ ነበር።

መካኒሳ አቦ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ የታክሲ መጠበቂያው ጥግ ላይ ፀሐይወርቅ የምትባል ሴት ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ግራዋና የቀበርቾ ሥር ትሸጣለች። ወጋየሁና እድላዊት መካኒሳን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዞሩ ውለው፣ የባህል ሐኪም ነኝ ያለውን ሁሉ ሲያፋጥጡ ቆይተው፣ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ነው ያገኟት።

ፀሐይወርቅ አስታወሰች። ጥቁር ጅልባብ የለበሰች ሴት መጥታ ነበር። ሰው በርክቶ ስለነበር ፊቷን ልብ ብላ አላየችውም፤ ጥያቄዋን ግን አልረሳችውም።

«የመካኒሳ ቅጠል አለሽ ወይ አለችኝ። ሳቄ መጣ። እዚህ የተቀመጠው ሁሉ የመካኒሳ ቅጠል ነው፣ የምን ሕመም ነው አልኳት። አልነግርሽም አለች። የላፍቶው ኮርሳ ነው የላከኝ ብቻ አለች።»

«ምን ሸጥሽላት?»

«ምንም። ቅጠሉ ሰፊ፣ አበባው ነጭ ነው ብላ ከኔ ያለውን ሁሉ ገለባብጣ አይታ ተወችው። ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደች።»

እነሱም ወረዱ። ከወንዙ ዳር፣ ላስቲክና ፍርስራሽ በተደፋበት አፈር ላይ አስተናግሩ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ፣ ነጭ ጥሩምባ የመሰለ አበባውን ከፍቶ ቆሟል። ከመሐሉ አንዱ ቁጥቋጦ ተመልምሏል፤ ግንዱ ላይ የተቀነጠበበት ቦታ ደርቆ ጠቁሯል። እድላዊት ጎንበስ ብላ ፎቶ አነሳች። ወጋየሁ ሽታውን ከልጅነቱ ያውቀዋልና አፍንጫውን ያዘ።

«ጥቁር ጅልባብ» አለች እድላዊት ሲመለሱ። «ከድጃም ጥቁር ነው የምትለብሰው።»

«ከተማው ግማሹ ጥቁር ነው የሚለብሰው» አላት፤ ግን ከልቡ አልነበረም። ከድጃ በዚያው ቀን ታሰረች።

ኮርሳን ላፍቶ የማያውቀው የለም። ሰፈሩ ሁሉ የጤፍ ማሳ በነበረበት ዘመን ገበሬ ነበር፤ ዛሬ ማሳው ላይ ፎቅ ቆሞበታል፣ ልጁ ሞልቱ የፎቁ ዘበኛ ነው። ለሽማግሌው የተረፈችው ከፎቁ አጥር ጀርባ ያለች ጠባብ ግቢ ናት። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። እንግዶቹ ፖሊሶች መሆናቸውን ሲሰማ በእጁ ዳብሶ በርጩማ አቀረበላቸው።

ወጋየሁ ስለሴቲቱ ጠየቀው። ኮርሳ አልካደም።

«መጥታለች። የታመመ ያላት ሴት ናት።»

«ስሟ ማን ነው?»

«አልጠይቅም። ባውቅም አልነግርህም። ሰው ሕመሙን ይዞ ሲመጣልህ አደራ ነው የሚያስቀምጥብህ።»

«አባባ፣ ሰው ሞቷል። ምን ሰጧት?»

«ምንም አልሰጠኋትም። ያለኝን ቆርጠውብኛል፣ ዓይኔም አያይም። ፈልጊ አልኳት። መካኒሳ።»

«መካኒሳ ሄደሽ ፈልጊ አሏት?»

«የመካኒሳ ቅጠል፣ ለጋውን፣ አፍልተሽ አጠጪው አልኳት። ሰፊ ቅጠል፣ ነጭ አበባ። ለማንም አታውሪ፣ መድኃኒት ሲወራ ይረክሳል አልኳት።» ሽማግሌው ግራ በመጋባት ፊቱን ወደ ድምፁ አቀና። «ማነው የሞተው?»

ወጋየሁ እድላዊትን አያት። ሰፊ ቅጠል፣ ነጭ አበባ፣ መካኒሳ፤ ወንዙ ዳር የቆመው አስተናግር ራሱ ነው። ሽማግሌው ያመነ መሰለው። አንድ ነገር ብቻ ከነከነው፤ ኮርሳ ሲናገር ፍርሃት አልነበረበትም። ወንጀለኛ ሆኖ የማይፈራ አይጠፋም ብሎ ራሱን አሳመነ። ኮርሳን ክንዱን ይዘው ሲያወጡት ሞልቱ የዘበኛ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ የአባቱን በር ቆለፈና ከኋላ ከኋላቸው ሄደ።

አሁን ነገሩ ቅርጽ ያዘ። ኮርሳ ጠቆመ፣ ከድጃ ለቀመች፣ አፈላች፣ አጠጣች። ሬድዋን በየዕለቱ እየደወለ ክሱ የት ደረሰ ይላል። ምርመራው የጠርሙሱን ዝቃጭ አስተናግር ነው ብሎ አረጋገጠ። አለቃውም መዝገቡን አስረክብ አለው።

ወጋየሁ ግን መዝገቡን አላስረከበም። ማረፊያ ቤቱን ባለፈ ቁጥር ከድጃ በትንሿ መስኮት በኩል ትታየዋለች። ምግብ አይረጋላትም። ባሏን የገደለች ሴት በባዶ እግሯ ይዛው ሆስፒታል ለምን ትሮጣለች? ለማስመሰል ነው ሊባል ይችላል። ሐኪሙ ግን ስለባጃጁ የነገረውን መርሳት አልቻለም፤ ባጃጁ መሐል መንገድ ላይ ሲቆም ከኋላ ሆና ስትገፋ ያዩ ነበሩ። ለማስመሰል ብሎ ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው በዘመኑ አላጋጠመውም።

አንድ ረፋድ ላይ ሞልቱ ለአባቱ ምሳ ይዞ መጣ። ሌላ ጊዜ አስረክቦ ይመለስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ወጋየሁን ግቢው ውስጥ አገኘውና ቆመ። ያስቀየመው ነገር እንዳለ ፊቱ ይናገራል።

«ጌታዬ፣ አባቴ ምንድነው ያደረገው?»

«መርዝ ጠቁሟል።»

«አባቴ መካኒሳ ነው ያለው።»

«አዎ። መካኒሳ ልኳታል።»

«አልላካትም» አለ ሞልቱ። «መካኒሳ ምን ታደርጋለች? መካኒሳ ላፍቶም አለ፣ ፉሪም አለ። አባቴ የራሱን እስኪቆርጡበት ድረስ ለስንቱ ሰው ሲሰጥ ኖሯል። አንድ ሰው አልሞተበትም።»

ወጋየሁ አልገባውም። መካኒሳ እንዴት ላፍቶ ይኖራል? ልጁ የቀለደበት መስሎት ፊቱን አኮሳተረ። ሞልቱ ደግሞ ኢንስፔክተሩ የቀለደበት መሰለው። 

«የምን መካኒሳ ነው የምታወራው?» አለ ወጋየሁ በመጨረሻ።

«ዛፉን ነዋ» አለ ሞልቱ። ቀጥሎ ጣቱን ወደ አጥሩ ቀሰረ። «ይሄ ምንድነው ታዲያ?»

አጥሩ ጥግ፣ ፖሊሶቹ ሞተር ብስክሌት የሚያቆሙበት ጥላ ሥር አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ቅጠሉ ሰፊ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ነጣ ያለ አበባ አንጠልጥሏል። ወጋየሁ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ በዚያ ጥላ ሥር ሲመላለስ ኖሯል።

«ይሄማ ብሳና ነው» አለ።

«እናንተ ብሳና ትሉታላችሁ» አለ ሞልቱ። «እኛ በኦሮምኛ መካኒሳ ነው የምንለው። ሰፈሩም በሱ የተጠራ ነው ይላሉ ሽማግሌዎች።»

ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉት፣ ለዛፎች ሁሉ ማን አስተማረና የሚለውን ተረት ወጋየሁ በቀን አንድ ጊዜ ሳይተርት አይውልም፤ ዛፉን ደጁ ላይ እያየው ግን ጎረቤቱ ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቆ አያውቅም ነበር። ከሞተሮቹ አንዱ ላይ ተቀመጠ። ሞልቱ ምሳውን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቀዋል። አንተም ግባ፣ ምሳውን ራስህ ስጠው አለው።

ኮርሳ ምሳውን ከበላ በኋላ ወጋየሁ ብቻውን ገባና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሴቲቱ ወደ ዛፉ ሳይሆን ወደ ሰፈሩ መሄዷን፣ እዚያም ሰፊ ቅጠልና ነጭ አበባ ስትፈልግ አስተናግር ማግኘቷን ነገረው። ሽማግሌው አስተናግር የሚለውን ቃል አላወቀውም። ወጋየሁ አበባውንና ፍሬውን ሲገልጽለት፣ ፍሬው እሾህ እንዳለው ሲነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«አሳንግራ» አለ ቀስ ብሎ። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «አሳንግራ አጠጣችው?»

«ዛፍ ነው ብለው አልነገሯትም፣ አባባ?»

«መካኒሳ አልኳት እኮ። በግ ግዢ ስልሽ እንስሳ ነው ብዬ እጨምራለሁ?» አለ። «እዚህ አገር የተወለደ መካኒሳ ዛፍ መሆኑን ያውቃል። እሷ ከየት እንደመጣች አልጠየቅኳትም። ዓይኔ ቢያይ ኖሮ ራሴ ወስጄ አሳያት ነበር። የራሴ ዛፍ ቢኖር ኖሮ ራሴ ቆርጬ እሰጣት ነበር።»

ወጋየሁ ሲያለቅስ አየው። የሞራ ዓይን እንደማንኛውም ዓይን ያለቅሳል፤ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለው። ኮርሳ ፊት አያይም፣ ድምፅ ግን ይሰማል።

«ስትመጣ ምን ብላ ነው የነገረችዎት? ቃሏን ያስታውሱታል?»

«ልጄ ብጫ ሆነብኝ አለች» አለ ኮርሳ። «ልጄ፣ ልጄ እያለች አለቀሰች። መርፌ ሳይወጉብኝ ድረስልኝ አለች።»

ወጋየሁ ዓይኑን ጨፈነ። ቤቴ ነበርኩ ልጄ ያለችው ሴት ለቅሶ ቤቱ ፍራሽ ላይ ሆና ታየችው። ሬድዋን እናቴ እምቢ ካልኩ አትነካም ያለውም ትዝ አለው። ጥቁር ጅልባብ ለብሳ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ እያያት፣ ሌላ ጥቁር ጅልባብ ፍለጋ ሄዶ ነፍሰ ጡር አሰረ።

ሽማግሌው ዝምታውን አዳመጠና ሁሉም ነገር ገባው። እጁን ዘርግቶ የወጋየሁን ጉልበት ያዘ።

«ስማኝ፣ ልጄ። ያቺን ሴት አትንገራት። ኮርሳ ዓይኑ አያይም፣ ተሳስቶ አሳንግራ ቆርጦ ሰጣት ብለህ ጻፍ። ያሰርካትንም ልጅ ትፈታታለህ። እኔ የቀረችኝ ዕድሜ እዚህም እዚያም ያው ናት። ልጅሽን በእጅሽ ገደልሽው ስትላት ግን እሷ ሌላ ዕድሜ የላትም።»

«አባባ፣ እርስዎ አልሰጡም።»

«አንድ ቃል ሰጥቻታለሁ። ቃሉ አልበቃትም» አለ ኮርሳ።

ወጋየሁ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። ኮርሳ እንዳለው ቢጽፍ ማንም አይከራከረውም፤ ከድጃ ትፈታለች፣ እናትየው ሀዘኗን ብቻ ይዛ ትኖራለች፣ ሽማግሌው ደግሞ ባልሠራው ጥፋት እስር ቤት ይሞታል። እውነቱን ቢጽፍ ኮርሳ ቤቱ ይገባል፤ ሀኒፋ ግን ቤት አይኖራትም። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ጥፋተኛ ሲፈልግ ኖሯል፤ አሁን ጥፋተኛ የሌለበት ጉዳይ እጁ ገብቶ የሚያደርገውን አጣ። አዘነ። ለሁሉም አዘነ። ሞልቱ የአባቱን በር እንዴት እንደቆለፈ ትዝ ሲለው ግን ተነሳ። ዘበኛው ልጅ አባቱ ገዳይ ነው ሲባል እየሰማ ፎቅ ሲጠብቅ አይኖርም።

ከአጥሩ ጥግ ከዛፉ አንድ ቅርንጫፍ ቀነጠበ። እድላዊት ከወንዙ ዳር አስተናግሩን አምጥታ ነበር። ሁለቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ብቻውን ወደ ላፍቶ ሄደ።

ለቀስተኛው ተበትኗል። ሀኒፋ ብቻዋን ነበረች፤ ሬድዋን ሱቅ ነው። ወጋየሁ ጋዜጣውን ፍራሹ ጫፍ ላይ አስቀመጠ እንጂ አልፈታውም።

«እማማ፣ ለሳዳም መድኃኒት ፈልገው ነበር?»

በሩን አየች። 

«ሬድዋን እንዳይሰማ» አለች። ከዚያ ድምጿ ጠነከረ። «ኮርሳን አሰራችሁት አሉኝ። ሽማግሌውን ተዉት፣ ልጄ። የሱ መድኃኒት ንጹሕ ነው። ለማንም አታውሪ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት። እኔው ራሴ ነኝ በእጄ የለቀምኩት፣ ራሴ ያጠብኩት፣ ራሴ ያፈላሁት፣ ሚስቱ ሳትኖር ወስጄ የሰጠሁት። መድኃኒቱ ንጹሕ መሆኑን ስለማውቅ ነው ያቺ ልጅ ናት የምለው። ላዩ ላይ ምን እንደጨመረችበት አላህ ይወቅ።»

ወጋየሁ ጋዜጣውን ፈታ። ሁለቱን ቅጠል ጎን ለጎን አደረገላት። 

«የለቀሙት የቱን ነው?»

ሀኒፋ ጎንበስ አለች። መርካቶ ተወልዳ ያደገች፣ ከጎመንና ከሰላጣ ሌላ ቅጠል የማታውቅ የከተማ ሴት ናት፤ ያም ሆኖ አላመነታችም። አስተናግሩን አነሳች፤ የጠወለገ ነጭ አበባውን በጣቷ ቀጥ ለማድረግ ሞከረች።

«ይቺ ናት። መካኒሳ ስንቱን ሰው ጠይቄ አጣኋት መሰለህ። ማንም አያውቃትም። በመጨረሻ ወንዙ ዳር ሳያት ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄን አገኘሁት አልኩ።»

ወጋየሁ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ሀኒፋ ፊቱን እያየችው ነበር። እጇ ውስጥ ያለውን አየች። ፍራሹ ላይ የቀረውን አየች።

«ያኛውስ?» አለች።

«የዛፍ ቅጠል ነው፣ እማማ።»

«ስሙን ነው የጠየቅኩህ።»

«እኛ ጎጃም ብሳና እንለዋለን።»

«ኮርሳስ? ኮርሳ ምን ይለዋል?»

ዋሽ ዋሽ አሰኘው። 

«መካኒሳ» አላት።

ሀኒፋ አልጮኸችም። አስተናግሩን ቀስ ብላ ጋዜጣው ላይ መለሰችና እጆቿን ራቅ አድርጋ ይዛ አየቻቸው። ከደጅ ሚኒባስ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ ይጣራል። ወጋየሁ ሊናገር ፈለገ፤ ማንም አላጠፋም፣ ቃሉ ነው ያሳሳተዎት ሊላት። ግን እናት ፊት ቁጭ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር ማለት ሐሰት ባይሆንም ጭካኔ መሰለው።

«ያቺ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት» አለች ሀኒፋ ቆይታ። «እዚያ ምን ትበላለች?»

«እህል አይረጋላትም።»

«ሳዳምን የጸነስኩ ጊዜ እኔም እንደዚያ ነበርኩ።» ጅልባቧን ሳበችና ጉልበቷን ይዛ ለመነሳት ታገለች። «ሂድ ፍታት። ግን መጀመሪያ እኔን ውሰደኝ። የባሏን ለቅሶ ልትቀመጥ እዚህ ቤት ስትመጣ እዚህ ተቀምጬ እንዳታገኘኝ።»

ወጋየሁ ክንዷን ያዘና ደግፎ አስነሳት።